የስኮትላንድ ላብ አደር ቅድመ አያትን ታሪክ ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ እናቴ በስልክ ሳይቀር እየጠየቀች አስጠንታቸዋለች። በአባታቸው በኩል ግን ሐረጉ ከአያታቸው አያልፍም ነበር። ባለቤቴ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ከግላስጎው ደቡብ ምሥራቅ፣ ከከሰል መንደሮቹ የመጣ ነው። አማቴ ስለ ቀደምቶቻቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ፤ ለድሃ ደግሞ ምን ይጻፍለታል?» ይሉ ነበር። ይህ ቃል ከነከነኝና ፍለጋውን ጀመርኩ። ዓመታት ወሰደብኝ። ከስኮትላንድ ሰው ጋር ተጋብተው ወይም ከሁለቱም ወገን ተወልደው ይህንኑ መንገድ የጀመሩ ወገኖች የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርስትም ኑዛዜም ሳይተው ስለሞተ ድሃ ምን ይገኛል?

ከሚገመተው በላይ ብዙ ይገኛል። ላብ አደሩ ስለ ራሱ አልጻፈም፤ ሌሎች ግን ስለ እርሱ ጽፈዋል። ሲወለድ የመዝገብ ሹሙ፣ ሲያገባ ካህኑ፣ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ቆጣሪው፣ ሲሞት ደግሞ እንደገና ሹሙ ጻፉት። ሥራ አጥቶ በተራበ ጊዜ የድሆች መርማሪ የሚባለው ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ጻፈው። ከፍለጋዬ ሁሉ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሰውየው ደኅና በኖረባቸው ዓመታት መዝገቡ ዝም ይላል፤ በተቸገረ ቁጥር ግን ወረቀቱ ይበዛል። ኪራዩን በጊዜው እየከፈለ፣ ሳይታመምና ሳይከሰስ የኖረ ሰው 10 መስመር ብቻ ሊኖረው ይችላል። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ የእርዳታ ደጅ የጠናች ሴት ግን ሙሉ ገጽ አላት። ስለዚህ በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ ክፉ ወሬ ሲመጣ አይሽሹት፤ ሰውየውን በቅርበት የሚያገኙት እዚያ ነው።

ከየት ልጀምር?

በሕይወት ካሉት ሽማግሌዎች ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ሙታን ይሂዱ። አሮጊቷ አክስት የምታስታውሰው አንድ የመንደር ስም ከብዙ ክፍያ ያድናል። የፎቶግራፍ ጀርባ፣ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ፣ አሮጌ የሠራተኛ ማኅበር ካርድ፣ ሁሉንም ይጠይቁ።

መዝገቡን ሲጀምሩ ደግሞ ከሞት ወደ ልደት ወደ ኋላ ይሂዱ። በስኮትላንድ የሞት መዝገብ የሟቹን አባት ስምና ሥራ፣ የእናቱንም ስም ከነአባቷ ቤት ስም ይይዛል። በእንግሊዝ የዚያ ዘመን የሞት ወረቀት ላይ ይህ የለም። ስለዚህ የአንድ ሰው የሞት መዝገብ ሲገኝ አንድ ትውልድ ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል ተገኘ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መረጃውን የሰጠው ሟቹ አይደለም፤ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው። ስለ አያቱ ስም ልጅ ሊሳሳት ይችላል፤ የመረጃ ሰጪውን ስምና ዝምድና ሁልጊዜ ይመልከቱ። በፊርማው ቦታ «ኤክስ» ተጽፎ «ምልክቱ» የሚል ካዩ ሰውየው መጻፍ አይችልም ነበር ማለት ነው።

ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሳይዘሉ ይውጡ። ብዙ ሰው የቤተሰቡን ስም ከታዋቂ ጎሳ ጋር ያገናኝና ግንብ ቤትና የጎሳውን ባለቀለም ቀሚስ (ኪልት) ፍለጋ ይሄዳል። የቆፋሪው ልጅ ግን በዚያ መንገድ አይገኝም።

መዝገቡ የት ነው? ያስከፍላል?

ዋናው በር የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚያስተዳድረው «ስኮትላንድስ ፒፕል» የተባለው ድረ ገጽ ነው። ተመዝግቦ ስም መፈለግ በነፃ ነው፤ የመዝገቡን ምስል ለማየት ግን ክሬዲት ይገዛል። አንድ የልደት፣ የጋብቻ ወይም የሞት ምስል 6 ክሬዲት፣ ማለትም 1 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ዋጋው አለመቀየሩን ያረጋግጡ። ምስሉ በመስመር ላይ የሚከፈተው ልደት ከሆነ ከ100፣ ጋብቻ ከሆነ ከ75፣ ሞት ከሆነ ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ላለው ወረቀት ማዘዝ፣ አለዚያም ኤድንብራ ባለው ማዕከል ተገኝቶ ማየት ይቻላል።

በዓመት ክፍያ የሚሠሩት ትልልቅ የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ለእንግሊዝ ጥሩ ናቸው። ለስኮትላንድ ግን የሚሰጡት በአብዛኛው የተገለበጠ ጽሑፍ እንጂ የመዝገቡን ምስል አይደለም። ዋናውን ሳያዩ የገልባጩን ንባብ አይመኑ።

ሁሉም ሰው 1855 እያለ የሚያወራው ለምንድን ነው?

በስኮትላንድ መንግሥታዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ ደግሞ እጅግ የሰፋ ነበር። የ1855 የልደት መዝገብ የወላጆቹን ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የት እና መቼ እንደተጋቡ፣ ከዚህ ሕፃን በፊት ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ እንደሞተ ይናገራል። የሞት መዝገቡ የሟቹን የትውልድ ቦታ፣ በአካባቢው ስንት ዓመት እንደኖረ፣ የትዳር ጓደኛውን እና የልጆቹን ስም ዝርዝር ከነዕድሜያቸው ይይዛል። ሥራው ለሹሞቹ ከበዳቸውና በ1856 ቅጹ ተቆረጠ። የወላጆች ጋብቻ ቀንና ቦታ ወደ ልደት መዝገብ የተመለሰው በ1861 ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ የእርስዎ ቅድመ አያት በ1855 ባይወለድም ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚያ ዓመት ተወልዳ ሊሆን ይችላል። የእርሷን መዝገብ ቢገዙ የእርሱን ወላጆች ያገኛሉ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የተዘጋብኝ በር የተከፈተው በ1855 በሞተች የ3 ወር ሕፃን መዝገብ ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ እንደዚያች ያለች ልጅ እንደነበረች እንኳ አያውቅም ነበር።

ሚስቲቱ በሁለት የተለያየ ስም ተጽፋለች። ሁለት ሴት ናት?

አንድ ሴት ናት። ይህ ጥያቄ ከሌሎች አገር ሰዎች ይልቅ ለእኛ ይቀላል። ኢትዮጵያዊት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ በስኮትላንድም በሕጋዊ ሰነድ ላይ ልማዱ ከዚህ ይቀራረባል። ሴትየዋ በመንደሩ በባሏ ስም ብትጠራም በሞት መዝገብ፣ በመቃብር ድንጋይና በፍርድ ቤት ወረቀት የአባቷ ቤት ስም አብሯት ይኖራል። በሞት መዝገቡ ማውጫ በሁለቱም ስም መፈለግ ይቻላል፤ ሁለት ባል አግብታ ከነበረ በሦስተኛውም። የወንዱ ስም በመንደሩ ውስጥ 20 ሰው የሚጠራበት ተራ ስም ከሆነ ፍለጋውን በሚስቱ ስም ያዙሩት። እውነተኛዋ መክፈቻ ብዙ ጊዜ እርሷ ናት።

በአንድ ቤተሰብ ተመሳሳይ ስም ለምን በዛ?

በልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በአባቱ ስም ይጠራል። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት፣ ሦስተኛዋ በእናቷ ስም ትጠራለች። ሁሉም ቤተሰብ ልማዱን አልጠበቀም፤ ቢሆንም አያቶቹን ለመገመት ይረዳል። አራት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን በአባታቸው ስም ሲጠሩ በአንድ መንደር አራት ስመ ሞክሼ የአጎት ልጆች ይገኛሉ። ሕፃን ሲሞትም ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም መስጠት የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ልደት አግኝተው ከመደሰትዎ በፊት ሞቱን ይፈልጉ። አጻጻፉም አይጸናም። «ማክ» በሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ ጃኔት የተባለችው በሌላ ወረቀት ጄሲ ሆና ትመጣለች።

የሕዝብ ቆጠራውን እንዴት ላንብበው?

በዝግታ፣ ከጎረቤቶቹም ጋር። ከ1841 እስከ 1921 ያሉት በየ10 ዓመቱ የተካሄዱ ቆጠራዎች ክፍት ናቸው። የ1841ዱ ብዙ አይናገርም፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች በ5 እያጠጋጋ ስለሚጽፍ 34 ዓመት የሆነው ሰው 30 ተብሎ ይገኛል። ከ1851 ጀምሮ ግን የተወለደበት አጥቢያ ስለሚጻፍ ቀጣዩን ፍለጋ የት እንደሚያደርጉ ይነግርዎታል።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ከ1861 ጀምሮ በገጹ ቀኝ ዳር ያለው ጠባብ ዓምድ ነው። «መስኮት ያላቸው ክፍሎች ብዛት» ይላል። በዚያ ዓመት ከስኮትላንድ ቤቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ባለ አንድ ክፍል ነበሩ። የእኛ ሰዎች ገጽ ላይ አባት፣ እናት፣ ስድስት ልጆች እና ሁለት ደባሎች ተዘርዝረዋል፤ በዳሩ ዓምድ ላይ «1» ተጽፏል። አሥር ሰው፣ አንድ ባለመስኮት ክፍል። ደባሎቹ ወጣት ቆፋሪዎች ናቸው፤ ሌሊት ሠርቶ የገባው ጠዋት በወጣው አልጋ ላይ ይተኛ እንደነበር ባለቤቴ ከአያቱ ሰምቷል። ያችን «1» ካየሁ በኋላ አማቴ ለምን ሁልጊዜ መስኮት ከፍተው እንደሚተኙ ጠይቄ አላውቅም።

የ1911 ቆጠራ ያገባችውን ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደቆየች፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለደችና ስንቱ እንዳለ ይጠይቃል። የ1921ዱ ደግሞ የአሠሪውን ስምና የሥራ ቦታውን ይይዛል፤ ለላብ አደር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ይህ ቆጠራ በአፕሪል ሊካሄድ ታስቦ በከሰል ሠራተኞቹና በአሠሪዎቻቸው የሥራ ክርክር ምክንያት ወደ ጁን 19 ተላለፈ። ስለዚህ ብዙ ቆፋሪዎች በዚያ ቀን ሥራ ላይ አልነበሩም፤ ገጹን ሲያነቡ ይህን ያስቡ። የ1931ዱ ከ2032 በፊት አይከፈትም።

ከ1855 በፊት የነበሩትስ?

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች አሉ፤ ጥንታዊው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ከ1553 ይጀምራል። ነገር ግን የሚመዘግቡት የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያንን ሰዎች ነው፤ አያያዛቸውም እንደየጸሐፊው ትጋት ይለያያል። በ1783 መንግሥት በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የ3 ፔንስ ቀረጥ ጣለ፤ እስከ 1794 ድረስ ቆየ። ልጁን ክርስትና አስነሥቶ ሳያስመዘግብ የቀረ ድሃ ስንቱ ነው! በ1843 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሁለት ተከፈለችና ብዙ ምእመን ወደ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ከመዝገብ ድንገት ከጠፋ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የካቶሊክ መዝገቦች ለብቻቸው ናቸው፤ በዚያው ድረ ገጽ ይገኛሉ።

ቅድመ አያቴ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ምን ልፈልግ?

መጀመሪያ የዘመኑን ሕግ ይወቁ፤ ያለዚያ የሚያነቡት ወረቀት ትርጉሙ ይጠፋል። በ1606 የወጣ ሕግ ከሰል ቆፋሪውንና ጨው ቀቃዩን ከጌታው ጋር አሰረው። ያለ ጌታው የስንብት ወረቀት ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም ነበር፤ ማዕድኑ ሲሸጥ እርሱም ከማዕድኑ ጋር ይተላለፋል። የ1775 ሕግ እስራቱን ማላላት ጀመረ፤ ጨርሶ የተፈታው በ1799 ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጎንደር ትዝ ይለኛል። በ1770 ጎንደር የገባው፣ እኛ በታሪክ መጽሐፍ የምናውቀው ጄምስ ብሩስ ፎልከርክ አጠገብ ያለው የኪኔርድ ባለርስት ነበር። ከርስቱ የሚወጣው ከሰል ለካሮን ብረት ማቅለጫ ይሸጥ ነበር፤ የመንገዱ ስንቅም ከዚያ ገቢ ጋር የተያያዘ ነው። እርሱ የዓባይን ምንጭ ሲፈልግ በስኮትላንድ ሕግ ከሰል ቆፋሪዎች ገና ነፃ ሰዎች አልነበሩም። የብሩስን ስም ሁሉም ያውቃል። በፎልከርክ አካባቢ ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ ቀደምቶች ካሉዎት ግን የእነርሱን ስም የሚፈልገው እርስዎ ብቻ ነዎት።

እስከ 1842 ድረስ ሴቶችና ሕፃናትም ከመሬት በታች ይሠሩ ነበር። በምሥራቅ ስኮትላንድ ሴቶችና ልጃገረዶች ከሰሉን በጀርባቸው አዝለው በመሰላል ያወጡት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ልጆቹ የሰጡትን ቃል ከነስማቸው፣ ከነዕድሜያቸውና ከነማዕድኑ ስም አትሞታል። ቤተሰብዎ በዚያ ዘመን በምሥራቅ ሎቲያን ወይም በላናርክሻየር ከነበረ ሪፖርቱን ስም በስም ይዩት። ሕጉ ከወጣ በኋላ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ተከለከለ።

ቆፋሪው በአደጋ ሞቶ ከሆነ በሞት መዝገቡ ዳር የተጻፈች ትንሽ ማስታወሻ ይፈልጉ። ወደ እርማት መዝገብ ትመራለች፤ እዚያ ምርመራው ያረጋገጠው የሞት ምክንያት አለ። ከ1895 ጀምሮ በሥራ ላይ ለሞተ ሰው ሕግ ያዘዘው የሸንጎ ምርመራ ነበር፤ የአካባቢው ጋዜጣም ምስክሮቹን በስም እየጠራ ይዘግብ ነበር። ስለ ትልልቆቹ አደጋዎች ብዙ ተጽፏል። ኦክቶበር 22 ቀን 1877 በግላስጎው አቅራቢያ ባለው በብላንታየር የከሰል ማዕድን የደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ በኋላም መበለቶቹ ከኩባንያው ቤቶች እንዲወጡ ተደረገ። በቆጠራው ላይ አንዲት የቆፋሪ ሚስት በ1871 ብላንታየር፣ በ1881 ደግሞ ግላስጎው ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና ብትገኝ መካከሉን መገመት ይቻላል። በአልጋው ላይ የሞተውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ሐኪሙ «የቆፋሪዎች አስም» ብሎ ይጽፋል፤ መንደርተኛው «ጥቁር አክታ» ይለዋል።

ሴቶቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ስለ እነርሱ ምን ይታወቃል?

የዳንዲ ሴቶች ከሆኑ ብዙ ይታወቃል። ዳንዲ ከቤንጋል የሚመጣውን ጁት የተባለ ቃጫ ፈትላ ለዓለም ጆንያ የምታቀርብ ከተማ ነበረች፤ ቃጫውን የሚያለዝበው የዓሣ ነባሪ ዘይት ነው፤ የከተማዋ መርከቦች ዓሣ ነባሪ አዳኞች ነበሩ። በፋብሪካዎቹ ሴቶች ይበዙ ነበር፤ ለእነርሱ የሚከፈለው ያንስ ነበርና። ባል ሥራ አጥቶ ቤት ሲውል «ማንቆርቆሪያ ጣጅ» ይሉታል። በቆጠራው «ፈታይ» እና «ሸማኔ» የሚሉት ቃላት የተለያየ ደረጃ ናቸው። ሸማኔዋ ባርኔጣ አድርጋ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ ፈታይዋ ነጠላ መሳይ ሻል ትከናነባለች። ለእኛ ፈትልም ሽመናም የቤት ሥራ ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርገን እንዳናነብ።

ስለ ልጆቹ ማወቅ የሚፈልግ አፍሪካን የዞረውን የሚስዮናዊውን የዴቪድ ሊቪንግስተንን ቤት ይጎብኝ። በ1813 ብላንታየር ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ተወልዶ በ10 ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ገባ፤ ሥራው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ታዋቂ በመሆኑ የተረፈው ያ ክፍል ስማቸው ያልታወቀ የብዙ ሺህ ሕፃናትም ክፍል ነው።

ልጆቹ ሁሉ የተለያየ አጥቢያ ተወለዱ። ስህተት ይሆን?

ላይሆን ይችላል። የእርሻ ሠራተኛ የሚቀጠረው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ላጤው በአብዛኛው ለ6 ወር፣ ባለትዳሩ ለ1 ዓመት። ቤቱም የጌታው ስለሆነ ውሉ ሲያልቅ ቤተሰቡ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ይሄዳል። የልጆቹን የትውልድ ቦታ በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጡ፤ የአባትየውን የቅጥር ታሪክ ያሳያል።

የድሆች እርዳታ መዝገብ የሚባለው ምንድን ነው?

ለእኔ ከመዝገቦች ሁሉ ውድ የሆነው እርሱ ነው። በ1845 በወጣው ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ለድሆቹ ኃላፊ ሆነ። እርዳታ ግን ሰውነቱ ለሥራ ለደረሰ ሰው አልነበረም፤ ለታመመ፣ ላረጀ፣ ልጆች ይዛ ለቀረች መበለት ነበር። ያመለከተውን ሰው መርማሪው ይመረምረዋል። ወጪውን የትኛው አጥቢያ ይሸከም የሚለው ክርክር ስለነበረ ሁሉንም ይጠይቃል፤ የት ተወለድሽ፣ ወላጆችሽ እነማን ናቸው፣ ባልሽ መቼና የት አገባሽ፣ ባለፉት ዓመታት የት የት ኖራችሁ፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው፣ ልጆችሽ ምን ይሠራሉ፣ ምን ያገኛሉ።

ለአየርላንድ ተወላጆች ይህ መዝገብ የተለየ ጥቅም አለው። ቆጠራው «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል። የድሆች መርማሪው ግን አውራጃውንና አንዳንዴም አጥቢያውን ይጽፋል፤ በስኮትላንድ የመኖር መብት ያላገኘ ድሃ ወደ አየርላንድ ሊመለስ ይችል ነበርና።

የግላስጎው መዝገቦች በሚቸል ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው የከተማው ቤተ መዛግብት አሉ፤ ስም ብቻ ይዘው ሄደው ሊጠይቁ ይችላሉ። የሌሎች አካባቢዎች በየምክር ቤቱ ቤተ መዛግብት ተበታትነዋል፤ ጨርሰው የጠፉም አሉ። የባለቤቴን ቅድመ አያት እናት ያገኘኋት እዚያ ነው። ባሏ ከሞተ ከ5 ሳምንት በኋላ አመለከተች። መርማሪው «ክፍሉ ንጹሕ፤ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል» ብሎ ጽፎላታል። በዚያ ችግር ውስጥ ክፍሏን ጠርጋ ጠበቀችው። ሰነዱን ለአማቴ ሳነብላቸው ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

አባቱ ያልተጻፈ ልጅ አገኘሁ። እዚህ ያበቃል?

ገና አያበቃም። ወላጆቹ ካልተጋቡ የአባት ስም የሚጻፈው እርሱ ራሱ ከእናቲቱ ጋር መጥቶ ከፈረመ ብቻ ነበር። እናቲቱ ቀለብ ጠይቃ ፍርድ ቤት ከሄደች ውሳኔው በዚያው ባልነው የእርማት መዝገብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከ1855 በፊት ለነበረው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጉባኤን ቃለ ጉባኤ ይዩ፤ ከ2021 ጀምሮ በስኮትላንድስ ፒፕል ላይ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ነፍሰ ጡሯን አስቀርበው የአባቱን ስም እስክትናገር ይጠይቋት ነበር። ንባቡ ያማል። ሴትየዋ በጉባኤ ፊት ቆማ የተናገረችው ቃል ግን ምናልባት በዓለም ላይ የቀረላት ብቸኛ ቃል ነው። በዘመኑ የስኮትላንድ ሕግ ወላጆቹ ኋላ ከተጋቡ ልጁ ሕጋዊ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት የእናቲቱን ጋብቻ ይፈልጉ።

ጋብቻው «በቃል ማረጋገጫ» ይላል፤ ካህን አልነበረም። ጋብቻ ነው?

ሙሉ ጋብቻ ነው። እስከ 1940 ድረስ ወንድና ሴት በምስክሮች ፊት ባልና ሚስት ነን ካሉ ሕጉ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ከዳኛ ፈቃድ አውጥተው ያስመዘግቡታል። ፈጣንና ርካሽ ስለነበረ በከተሞች የሚኖሩ ሠራተኞች በብዛት ተጠቅመውበታል።

ወታደር የነበረ ቅድመ አያት አለን፤ ኢትዮጵያም መጥቶ ነበር ይባላል።

ሊሆን ይችላል። በ1868 ወደ መቅደላ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ 26ኛው የካሜሮንያን ክፍለ ጦር ነበረበት። በዚያ ዘመቻ ለተሳተፉት የተሰጠው ሜዳልያ ጀርባ ላይ የወታደሩ ስም ስለተጻፈ ቤት ውስጥ ካለ ጥያቄው ወዲያው ይመለሳል። በ1941 ደግሞ የካሜሮን ሃይላንደርስ ወታደሮች ኤርትራ ውስጥ፣ ከረን ላይ ከኢጣሊያ ጋር ተዋግተዋል፤ እዚያ ለወደቁት የጦር መቃብር አለ፤ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የስም መፈለጊያም በነፃ ነው። ለአንድ የስኮትላንድና የኢትዮጵያ ልጅ የአባቱ አያት የእናቱን አያት አገር በየትኛው ዓመትና በምን ምክንያት እንደረገጠ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለቱን ዘመቻዎች ለይታችሁ ንገሩት።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተራ ወታደሮች መዝገብ 60 በመቶ ያህሉ በሴፕቴምበር 1940 በለንደን ላይ በተጣለ ቦምብ ተቃጥሏል። የተረፈው፣ ጠርዙ የተለበለበውን ጨምሮ፣ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው።

መቃብሩን ማግኘት እችላለሁ?

ቦታውን ምናልባት፤ ድንጋዩን ግን አይጠብቁ። አብዛኛው ድሃ በጋራ መቃብር ያለ ምልክት ተቀብሯል። ለመቃብር ቦታው «ሌር» ይሉታል፤ የምክር ቤቱን የመቃብር ክፍል በዚህ ቃልና በሞት ቀኑ ከጠየቁ ቁጥሩን ሊሰጡዎት ይችላሉ። ከ1855 እስከ 1860 የሞተ ከሆነ የሞት መዝገቡ ራሱ የተቀበረበትን ይነግርዎታል።

ስኮትላንድ ሳልሄድ፣ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኜ መሥራት እችላለሁ?

አብዛኛውን አዎን፤ ከእርዳታ መዝገቡና ከትምህርት ቤት መዝገቦች በስተቀር። ትምህርት በ1872 ሕግ ከ5 እስከ 13 ዓመት ግዴታ ስለሆነ የርእሰ መምህሩ የዕለት ማስታወሻ በየአካባቢው ቤተ መዛግብት ሊኖር ይችላል፤ ልጆቹ ድንች ለቀማ ሄደው የቀሩበት ቀን ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። የኪራይ መኖሪያን ለመከታተል ከ1855 ጀምሮ በየዓመቱ የተዘጋጀው የቤት ግምት መዝገብ አለ፤ ሆኖም ዓመታዊ ኪራዩ ከ4 ፓውንድ በታች የሆነ ተከራይ ስሙ ላይጻፍ ስለሚችል አለመገኘቱ አልኖረም ማለት አይደለም።

በመጨረሻ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን የካርታ ድረ ገጽ ይክፈቱ። ነፃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ትልልቅ ካርታዎች የቆፋሪዎቹን ረድፍ ቤቶች፣ የውኃ ጉድጓዱንና የማዕድኑን ሐዲድ ያሳያሉ፤ በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ደርቦ ማየትም ይቻላል። ከቆጠራው የረድፉን ስም ወስጄ ስፈልግ አሥሩ ሰዎች የኖሩበትን ቤት አገኘሁት። ዛሬ ሜዳ ነው፤ ከጎኑ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። ልጆቼን ወስጄ እዚያ ሣሩ ላይ አቆምኳቸውና ከአባታቸው ጀምረው ስም በስም ወደ ላይ እንዲቆጥሩ ጠየቅኋቸው። ስድስት ደረሱ። ሰባተኛውን አሁንም እየፈለግሁ ነው።